“ተጠንቀቁ” ማለት ይብቃ

ስልካችን ላይ በየጊዜው የሚገባ አንድ መልእክት አለ። ውድ ደንበኛችን ይላል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ ይላል፣ ከአጭበርባሪዎች ይጠንቀቁ ብሎ ይጨርሳል። ሁለት ቀን ሳይቆይ ደግሞ ሌላ መልእክት ይመጣል፦ መረጃዎን ለማደስ ይህን ሊንክ ይጫኑ። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፣ ሁለቱም ከትክክለኛ መሥሪያ ቤት ነው የተላኩት። አንዱ አትመኑ ይለናል፣ ሌላው እመኑ ይለናል። ገንዘባችን የጠፋ ቀን ግን የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው። “አስጠንቅቀን ነበር” ይባልና ፋይሉ ይዘጋል።

ጠቤ ከዚያች “አስጠንቅቀን ነበር” ጋር ነው። “ተጠንቀቁ” የምትለው ቃል ምክር መሆኗ ከቀረ ቆየ፤ አሁን የኃላፊነት መሸሻ ሆናለች። በደንብ ካየናት የምትጠብቀው የተላከለትን ሰው አይደለም፣ የላከውን ድርጅት ነው።

የሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። በእኛ ሙያ አንድ ሰው አንድ ቁልፍ በስህተት ቢጫን፣ እሺ፣ የሰውየው ስህተት ነው እንላለን። ሺህ ሰው እዚያው ቁልፍ ላይ ሲሳሳት ግን የተሳሳተው ቁልፉን የሠራው ነው። ያኔ ለተጠቃሚው ማስጠንቀቂያ አንጽፍም፣ ቁልፉን እናስተካክላለን። ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያለው ቴሌብር፣ በየኪሳችን የገቡት የባንክ አፖች፣ ኤምፔሳው፣ ሁሉም ተደማምረው አገሪቱን ጥቂት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ከወረቀት ብር ወደ ስልክ አሸጋግረዋታል። ቴሌብር ራሱ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በዚህ ፍጥነት ገንዘባችን ስልክ ውስጥ ሲገባ፣ ጥበቃው ግን “ተጠንቀቁ” ላይ ቆሞ ቀረ።

ስልኩ ሲጮህ

ጥሪውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ሄሎ፣ እንደምን ዋሉ እናቴ? ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምንደውለው። ወይዘሮ እገሊት ነዎት?»

ስሟን ከነአባቷ ይጠራል። ብዙ ሰው የሚረታው እዚህ ጋ ነው፤ “ስሜን ካወቀማ ከዚያው ነው” ይላል። ስም ማወቅ ግን ምንም ዓይነት ጥበብ አይጠይቅም። ብዙዎቹ የገንዘብ አፖች ወደ አንድ ቁጥር ወይም ሒሳብ ብር ልትልኩ ስትሉ የተቀባዩን ስም ያሳያሉ። ለሌላ ሰው በስህተት እንዳትልኩ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ጥሩም ነው። አጭበርባሪው ቁጥሯን ያስገባል፣ ስሟን ያነባል፣ ሰርዝ የሚለውን ይጫናል፣ ከዚያ ይደውልላታል። በቃ፣ ይኸው ነው ምሥጢሩ።

ቀጥሎ ምክንያት ይመጣል። ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው። ፋይዳዎ አልተገናኘም። በእርስዎ ስም ሌላ ሲም ካርድ ወጥቷል። ዕጣ ደርሶዎታል። ወይም ደግሞ ድምፁ የተሰበረ አንድ ልጅ፦ «እማማ፣ በስህተት 5 ሺህ ብር ልኬብዎት፣ ለእናቴ መድኃኒት መግዣ ነበር፣ በእግዜር ይመልሱልኝ።» ስልኳ ላይ “5,000 ብር ደርሶዎታል” የሚል መልእክት በእርግጥም ገብቷል። መልእክቱን የጻፈው ግን ልጁ ራሱ ነው፤ ሒሳቧ ላይ የተጨመረ ሳንቲም የለም። ከምክንያቱ በኋላ ጥድፊያ ይመጣል፦ መስመሩን አይዝጉ፣ ሲስተሙ በአምስት ደቂቃ ይዘጋል። ከጥድፊያው በኋላ ደግሞ ቁጥሩ፦ አሁን የገባልዎትን ስድስት አኃዝ ያንብቡልኝ።

የድሮው የአውቶቡስ ተራ አታላይ “ወርቅ ወድቆ አገኘን፣ እንካፈል” ነበር የሚለው። የሚሠራው በሰው ጉጉት ላይ ስለነበር የተታለለውን “የራሱ ስስት ነው” ብሎ መፍረድ ይቀል ነበር። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ አለቀቀንም። የዛሬውን ጥሪ ግን እስኪ ልብ ብላችሁ አዳምጡት። በስህተት የተላከ ብር የሚመልሰው ማን ነው? “የሰው ገንዘብ ቤቴ አይደርም” የሚል ሰው ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ስልኩን ዘግቶ ዝም ይል ነበር፣ ደግሞም ይተርፍ ነበር። “ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው” ሲባል የሚደነግጠውስ? ሕግ አክባሪው ነው። ይህ ማጭበርበር የሚለቅማቸው ሐቀኛውንና ታዛዡን ነው።

ታዛዥነቱም ከሰማይ አልወረደም። ቀበሌ ቆመን፣ ክፍለ ከተማ ተመላልሰን፣ “ፎቶ ኮፒው ይጎድላል፣ ነገ ይመለሱ” እየተባልን ነው ያደግነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ለሚናገር ሰው “ለምን?” ብሎ መጠየቅ ጉዳይን ያስተጓጉላል እንጂ አያስፈጽምም። እናቶቻችን “አንድ ነገር አልተሟላም” ሲባሉ የሚደነግጡት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልተሟላ ወረቀት ስለነበረባቸው ነው። ደዋዩ ይህን ያውቃል። የሚናገረው የቢሮ ቋንቋ ደግሞ ከቢሮው የተማረው ነው።

ያወቀ አይታለልም?

“የተማረ ሰው እኮ አይሸወድም” የሚለውን ወሬ በተለይ እኛ ወጣቶቹ እንወደዋለን። ኮምፒውተር ላይ ስለዋልን ብቻ ክትባት የወሰድን ይመስለናል። እስኪ ሦስት ነገር ላስታውሳችሁ።

እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ጎግልና ፌስቡክ ሁለቱ ተደምረው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለአንድ የሊትዌኒያ ሰው ልከዋል። ሰውየው ኩባንያዎቹ ዕቃ የሚገዙበትን የታይዋን ድርጅት ስም ይዞ የሐሰት ደረሰኝ በኢሜይል ከመላክ በቀር የሰበረው ሰርቨር የለም። የዓለም ምርጥ ኢንጂነሮች የሚሠሩበት ቤት ነው እንግዲህ። በሐምሌ 2020 ደግሞ የትዊተር ሠራተኞች በስልክ ተደውሎላቸው የመግቢያ መረጃቸውን ሰጡ፤ በዚያ ሳቢያ የባራክ ኦባማና የኢሎን መስክ ገጾች ሳይቀሩ የቢትኮይን ማጭበርበሪያ ሲለጥፉ ዋሉ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ትሮይ ሃንት ተራው ደረሰው። ይህ ሰው የይለፍ ቃላችሁ መሰረቁን የምታዩበትን ታዋቂ ድረ ገጽ የሠራ፣ ስለ ፊሺንግ ሌላውን የሚያስተምር አውስትራሊያዊ ነው። ከረጅም በረራ በኋላ ደክሞት ሳለ አንድ የሐሰት ኢሜይል ከፈተ፣ የይለፍ ቃሉንም ኮዱንም አስገባ፣ ጋዜጣውን የሚያነቡ ሰዎች የኢሜይል ዝርዝር ተወሰደበት። የሆነውን ሁሉ ወዲያው ራሱ ጽፎ አሳወቀ።

እውቀት አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። እውቀት ግን ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ ታክሲ ውስጥ ተጣቦ ስልክ ያነሳል። አጭበርባሪው በቀን ሁለት መቶ ሰው ላይ ይደውላል፤ የሚያስፈልገው አንዱን በደከመበት ሰዓት ማግኘት ብቻ ነው። እናንተ ሁለት መቶውንም ጊዜ መንቃት አለባችሁ፣ ለእሱ አንድ ጊዜ ይበቃዋል። በዚህ ሒሳብ “ንቁ” የሚለው ምክር ገና ከመነሻው ተሸንፏል።

ምልክቱን ለዩ የሚሉን

ቀጥሎ የሚመጣው ምክር “ምልክቶቹን ለዩ” ነው። የፊደል ስህተት ፈልጉ፣ የላኪውን ስም እዩ፣ ቁጥሩን አጣሩ። ይህ ከአሥር ዓመት በፊት ትንሽ ይሠራ ነበር። ዛሬ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚጻፍ የሐሰት መልእክት ከአንዳንድ መሥሪያ ቤቶቻችን ማስታወቂያ የተሻለ አማርኛ አለው።

የላኪው ስም ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሥርዓት ውስጥ የላኪ ስም ማለት እስከ 11 ፊደል የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ነው። ኔትወርኩ ካላጣራና ካልከለከለ በቀር ላኪው የወደደውን ይጽፍበታል። የእናንተ ስልክ ደግሞ መልእክቶችን የሚያሰባስበው በስም ስለሆነ፣ የሐሰቱ መልእክት ከእውነተኞቹ የባንክ መልእክቶች ሥር፣ እዚያው ተራ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ላይኛው የትናንት እውነተኛ ደመወዝ፣ ታችኛው የዛሬ ሌባ። ሰው ይህን በምን ዓይኑ ይለየው? የስልክ ጥሪም ቢሆን የሚታየው ቁጥር ሊመሰል ይችላል። ኢሜይልም የተሠራው ሰው ሁሉ ይተማመን በነበረበት ዘመን ነው፤ “ከ” በሚለው ቦታ ላይ ማንም የማንንም አድራሻ መጻፍ ይችላል። ይህን የሚያጣሩ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉ ሥርዓቶች ከመጡ ቆይተዋል። እነሱን የሚያስገባው ግን የዶሜይኑ ባለቤት ነው። የእናንተ እናት ዲማርክ ማስገባት አትችልም፣ ድርጅቱ ይችላል።

እንግዲህ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ማጣራት የሚችለው አካል አያጣራም፤ ማጣራት የማትችለውን ሴትዮ “አጣሪ” ይላታል።

ማን አስተማረን?

የመሥሪያ ቤቶቹ ጥፋት አለማጣራት ብቻ ቢሆን በተሻለ። እኛን ለአጭበርባሪው የሚያሠለጥኑን እነሱ ናቸው። ከማይታወቅ የሞባይል ቁጥር ይደውሉና “ከባንክ ነው፣ የልደት ቀንዎን ይንገሩኝ” ይላሉ። እኛን ሊጠይቁ ሲችሉ እነሱን የምንጠይቅበት መንገድ አልተዘጋጀም። አጭር አድርገው የቆረጡትን፣ የት እንደሚያደርስ የማይታይ ሊንክ ይልካሉ። በቴሌግራም አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ሎጎ ካላቸው አምስት ቻናሎች የትኛው የእነሱ እንደሆነ ለማወቅ ደንበኛው ይጨነቃል። ቅርንጫፍ ውስጥ ሠራተኛው ስልካችሁን ተቀብሎ “እኔ ልሙላልዎት” ይልና ሚስጥር ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ እንድትነግሩት ይጠብቃል፤ ከኋላ ወረፋ አለ። አንዲት እናት ለሰው ኮድ መንገርን የተማረችው ባንክ ቤት ውስጥ፣ በወንበር ተቀምጣ ነው። አጭበርባሪው ያንኑ ትምህርት በስልክ ቀጠለላት።

ሌላ ዓይነት አሠራር እንደሚቻል ከምናውቀው ነገር ላሳያችሁ፤ ዲቪ። ያገራችን ሰው ስለ ዲቪ ስንት የሐሰት ኢሜይል እንደሚደርሰው ይታወቃል፦ አሸንፈዋል፣ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ያሸነፈን ሰው በኢሜይል አያሳውቅም። ተመዝጋቢው ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ ነው የሚያየው። ይህች አሠራር አንድ ትልቅ ነገር ትሠራለች፦ “ዲቪ ደርሶዎታል” የሚል ኢሜይል ሁሉ፣ ምንም ሳይመረመር፣ ውሸት ይሆናል። ምልክት መለየት አያስፈልግም፣ እንግሊዝኛ ማወቅም አያስፈልግም። እነሱ አይመጡም፣ አንተ ትሄዳለህ። አለቀ።

ባንኮቻችን ለምን እንዲህ አያደርጉም? “እኛ ደውለን ምንም አንጠይቅም፣ ሊንክም አንልክም” ብሎ ቃል መግባትና ቃሉን መጠበቅ ምን ያህል ያስወጣል? ሲንጋፖር አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የአንድ ትልቅ ባንክ 790 ያህል ደንበኞች በባንኩ ስም በተላከ የሐሰት አጭር መልእክት 13.7 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ተወሰደባቸው። የሐሰቱ መልእክት ከእውነተኞቹ ሥር ገብቶ ነበር፣ ልክ ቅድም እንዳልኳችሁ። ባንኩ ለሁሉም ሙሉ በሙሉ መለሰላቸው። በሚቀጥለው ወር ተቆጣጣሪው ባንኮች በሙሉ ለግለሰብ ደንበኞች ከሚልኩት ኢሜይልና አጭር መልእክት ላይ ሊንክ እንዲያወጡ፣ አዲስ የማረጋገጫ መሣሪያ ስልክ ላይ ሲጫንም ቢያንስ ለ12 ሰዓት ሳይሠራ እንዲቆይ አደረገ። እነዚያ 12 ሰዓቶች ለደንበኛው ትንሽ ያሰለቹ ይሆናል፤ ሌባውን ግን ጥድፊያውን ይቀሙታል።

ሲፈልጉ ያገኙታል

ሰፈራችን ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ዕቁብ ደርሷቸው ስልካቸው ላይ ያስቀመጡትን ገንዘብ በአሥራ አምስት ደቂቃ ጥሪ ወሰዱባቸው። ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደው የተሰጣቸው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ “ኮዱን የሰጡት እርስዎ ነዎት።” ብሩ ወደየትኛው ቁጥር እንደሄደ ስልካቸው ላይ ተጽፏል። የዚያ ቁጥር ባለቤት በመታወቂያ ሲም ያወጣ ሰው ነው፤ መታወቂያው የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ብሩን ያወጣበት ወኪል ሱቅ አለው። ይህ ሁሉ መዝገብ ላይ አለ። ለእሳቸው ግን “አንችልም” ተባለ።

በዚህ አገር አይቻልም ማለት ነው? በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች፣ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ በአንድ ሌሊት አወጡ። ባንኩ እንደገለጸው መጠኑ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ከዚያ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። እያንዳንዱ ዝውውር ተከታተሉት፣ የማን ሒሳብ እንደሆነ ታወቀ፣ ያልመለሱት ሰዎች ስም ወጣ፣ ፎቶ ተለጠፈ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አብዛኛው ገንዘብ እንደተመለሰ ተነገረ። የተማሪዎቹን ፎቶ መለጠፉ ተገቢ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለእኔ ግን አንድ ነገር አረጋገጠልኝ፦ በዲጂታል የተንቀሳቀሰ ብር መከታተል በዚህ አገር ይቻላል። የገንዘቡ ባለቤት ባንክ ሲሆን በቀናት ውስጥ ይቻላል። የገንዘቡ ባለቤት ጉልት ስትሆን “ኮዱን የሰጡት እርስዎ ነዎት” ይባላል።

ሕግም የለም እንዳይባል፣ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልንና የሰውን ማንነት መስረቅን ወንጀል አድርጓል፤ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲይዙም ያዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የጎደለው ኪሳራውን ማን ይሸከም የሚለው ነው። ዛሬ መቶ በመቶ የሚሸከመው የተታለለው ሰው ነው። ኪሳራ የማይነካው ድርጅት ደግሞ በሩን የሚያጠብቅበት ምክንያት የለውም፤ “ይጠንቀቁ” የሚል መልእክት ርካሽ ነው።

ዩናይትድ ኪንግደም ይህን ሒሳብ ቀየረችው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 7 ቀን 2024 ጀምሮ ተታልሎ በአገር ውስጥ የባንክ ዝውውር ገንዘብ የላከ ሰው እስከ 85 ሺህ ፓውንድ ድረስ ይመለስለታል። ክፍያውን የላከው ባንክና የተቀበለው ባንክ እኩል ይጋሩታል። የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ በሉልኝ፤ የሌባውን ሒሳብ የከፈተው ባንክም ይከፍላል። ያኔ ነው “ይህ ሰውዬ ትናንት ሒሳብ ከፍቶ ዛሬ ከአርባ ሰው ብር ለምን ይገባለታል?” የሚል ጥያቄ የሚነሳው።

ተቃውሞው ይገባኛል። “ይመለስልኛል ካለ ሰው ግድየለሽ ይሆናል፣ የውሸት ክስም ይበዛል” ይባላል። እንግሊዞቹም ይህን አስበውበታል፦ ደንበኛው ከባድ ቸልተኝነት ከፈጸመ ባንኩ እንዲከራከር ፈቅደዋል፣ ከእያንዳንዱ ክስ ላይ እስከ 100 ፓውንድ እንዲቀነስም ይቻላል። “እኛ ደሃ አገር ነን” የሚለውም አለ። ደሃ አገር ስለሆንን ነው እኮ! የለንደኑ ሰው የተዘረፈው ቁጠባውን ይሆናል። እዚህ የሚዘረፈው ዕቁብ ነው፣ የቤት ኪራይ ነው፣ ቤይሩትና ሪያድ ሰው ቤት ተሠርቶ የተላከ የሁለት ዓመት ደመወዝ ነው። 85 ሺህ ፓውንድ ይሁን ያለ የለም። ከ50 ሺህ ብር ጀምሩ፣ ከግማሹ ጀምሩ። ዋናው ነገር ዜሮ አይሁን።

እስከዚያው

ሕጉ እስኪመጣ ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ቤታችሁ የምታስተምሩት ነገር ግን “ተጠንቀቂ” አይሁን። “ተጠንቀቂ” ምን እንደሚደረግ አይናገርም፤ ፍርሃት ብቻ ይጨምራል፣ የፈራ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይታዘዛል። አንድ ዓረፍተ ነገር አስተምሩ፦ «እኔ ራሴ እደውላለሁ።»

ማንም ይደውል፣ ምንም ይበል፣ መልሱ ይኸው ነው። ደዋዩ እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ መመርመር አያስፈልግም። ስልኩ ይዘጋል፤ ከዚያ አስቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር፣ ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለንግድ ባንክ 951፣ ለሌላውም ባንክ ደብተሩ ላይ ባለው ቁጥር ይደወላል። ደዋዩ በሰጠው ቁጥር አይደለም። እውነተኛ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ አይቆጣም። የተቆጣ፣ የተጣደፈ፣ “መስመሩን ከዘጉ ብሩ ይጠፋል” ያለ ሰው ማንነቱን ነግሯችኋል። ዘመድ በቴሌግራም ወይም በኢሞ “ብር ላኪልኝ፣ ስልኬ ተበላሽቶ ነው” ቢልም ያው ነው፤ በድሮው ቁጥሩ ደውሉና ድምፁን ስሙ።

በስህተት ገባ ለተባለ ብርም እንዲሁ። መልእክት ገንዘብ አይደለም፤ ቀሪ ሒሳባችሁን ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም “በድርጅቱ በኩል ያስመልስ” በሉት። በስልክ የሚነገራችሁን በኮከብና በመሰላል የሚጀምር ኮድ አትምቱ፤ በሁለት ኮከብና በ21 የሚጀምረው ኮድ ጥሪያችሁን ሁሉ ወደ እነሱ ስልክ የሚያዞር ነው። ተመትቶ ከሆነ ##002# ብላችሁ ደውሉ፣ ማዞሩን ይሰርዘዋል። ቴሌግራማችሁ ላይ ደግሞ ዛሬ፣ ይህን አንብባችሁ እንደጨረሳችሁ፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። “ለእህቴ ልጅ ድምፅ ስጡልኝ” ከሚል ሊንክ ጀርባ ስልክ ቁጥርና ኮድ የሚጠይቅ ገጽ ካለ፣ ያ ኮድ የእናንተን ቴሌግራም የሚከፍት ቁልፍ ነው።

ይህን ለእናታችሁ በቴሌግራም ጽፋችሁ አትላኩላት። ቡና በተፈላበት ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱት። አንዳችሁ አጭበርባሪ ሁኑና ደውሉላት፤ እሷ ትሳቅ፣ ትዝጋባችሁ። ሰው ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ነው ተብላ ላደገች ሴት ከሁሉም የሚከብዳት መዝጋቱ ነው። እጇን ማስለመድ የእናንተ ሥራ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ይህኛው ደግሞ ባንክም ሕግም የማይመለከተው፣ እኛን ብቻ የሚመለከት ነው። የተወሰደ ብር የሚተርፈው ሌባው ሳያወጣው ከተደረሰበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ያ ማለት ደቂቃዎች ነው። የሰፈራችን እናት ለልጆቻቸው የነገሩት ግን በአራተኛው ቀን ነበር። ለምን? የሚመጣውን ጥያቄ ያውቁታላ፦ “እንዴት ትሰጫለሽ?” ያንን ጥያቄ ሲፈሩ አራት ቀን ሌሊቱን ብቻቸውን አደሩ። ሌባው ከመረጃ እጥረት በላይ የሚተማመንበት እፍረታችን ነው። ብሩን አውጥቶ፣ ሲሙን ሰብሮ፣ ለመጥፋት የሚበቃውን ጊዜ የምንሰጠው እኛው ነን፣ በስድባችን።

ስለዚህ የቤታችሁ ሰው ፊቱ ጠቁሮ “አንድ ነገር ሆኖብኝ ነው” ሲላችሁ፣ የመጀመሪያዋ ጥያቄያችሁ “ስንት ሰዓት ላይ ነበር?” ትሁን። ቀጥላችሁ ስልኩን አንሱና ለላከውም ለተቀበለውም ድርጅት ደውሉ፣ የዝውውር ቁጥሩን ንገሯቸው፣ ሒሳቡ እንዲታገድ ጠይቁ፣ መልእክቶቹን ሳትደመስሱ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ። “ኮዱን የሰጡት እርስዎ ነዎት” ሲሏችሁ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር አትነሱ። ብሩ የገባበትን ሒሳብ የከፈተው ማን እንደሆነ ጠይቋቸው።